ሃያ ሁለት ሰው እና እማ

አስጎብኚ ሲባል ለሰው የሚመስለው ድንጋይ እየጠቆመ ታሪክ የሚያወራ ነው። ተዉት እሱን! ታሪክ ማንም ያወራል። የአስጎብኚ ዋናው ሥራ መቁጠር ነው። ጠዋት ቆጥሮ የወሰደውን ሰው ማታ ቆጥሮ መመለስ፤ ሌላው ሁሉ ማጣፈጫ ነው። ይቺ የማወራላችሁ አስጎብኚ ደግሞ በቆጠራ የምትታማ አልነበረችም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንድ ሰው ጥላ መጥታ አታውቅም። አውቶብሱ ከቆመበት ከመነሳቱ በፊት ከፊት ወንበር ጀምራ ወደ ኋላ ትሄዳለች፤ የየወንበሩን ራስጌ በእጇ መታ መታ እያደረገች በልቧ ትቆጥራለች፤ ቁጥሩ ዝርዝሩ ላይ ካለው ጋር ሲገጥም «ሞላ!» ትላለች። ሹፌሩ «ሞላ» ሳይባል በር አይዘጋም። ከተባለ ደግሞ ምንም አይጠይቅም፤ ይነዳል። የሁለቱ ሕግ ይኸው ነው።

የዚያን ቀን ዝርዝሩ ላይ የነበረው ሃያ ሁለት ሰው ነው። አውቶብሱ ላይ ግን ሃያ ሦስት ተሳፍሯል። ሃያ ሦስተኛዋ እናቷ ነበረች።

ነገሩ እንዲህ ነው። እናቷ መርሳት ከጀመረች ሁለት ዓመት ሆኗታል። መጀመሪያ ቁልፍ ነበር የምትረሳው፣ ቀጥሎ ምድጃ ላይ የጣደችውን ድስት፣ ቀጥሎ ወደ ቤቷ የሚወስደውን መንገድ። ቀን ቀን አንዲት ጎረቤት ትጠብቃት ነበር። ያን ዕለት ገና ሳይነጋ ጎረቤቲቱ ደወለችና «ልጄ ትኩሳት ይዟት ሐኪም ቤት ነኝ፤ ዛሬ አልሆንልሽም፣ ይቅርታሽን» አለች። ምን ይባላል? «እግዜር ይማራት» ብላ ዘጋችና ለወንድሟ ደወለች።

ወንድሟ እንደ ልማዱ «ውይ፣ ዛሬ? ዛሬማ ስብሰባ አለኝ» አለ። የዚህ ሰውዬ ስብሰባ መቼም አያልቅም! እናቱ ትውደቅ፣ ትነሳ፣ ትታመም፣ እሱ ስብሰባ ላይ ነው። ይባስ ብሎ «ለአንድ ቀን ክፍሏን ቆልፈሽባት ብትሄጂስ?» ሲላት ጆሮው ላይ ዘጋችበት።

እንዳትቀር፣ በዚያ ወር ሁለት ቀን ቀርታለች። ሥራ አስኪያጁ «ሦስተኛ ከደገምሽ እኔና አንቺ አንተዋወቅም» ብሏታል። እናቷን ይዛ እንዳትሄድ፣ ዘመድ አውቶብስ ላይ መጫን ክልክል ነው፤ አምና አንድ ባልደረባዋ እጮኛውን ጭኖ ተገኝቶ በማግስቱ ነው የተሰናበተው። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል አይደል የሚባለው? እናቷን አለበሰች፣ ወፍራሙን አረንጓዴ ሹራብ ደረበችላትና እጇን ይዛ ወጣች።

ሹፌሩ የአውቶብሱን መስታወት እየወለወለ ነበር። አብረው ሲሠሩ ሰባት ዓመታቸው ነው፤ እሷ «ጋሼ» ነው የምትለው።

«ጋሼ፣ ዛሬ ጉድ ሆኛለሁ» አለችው።

እናቷን ከላይ እስከ ታች አያት። ከዚያ መወልወያውን አጠፈና «ከኋላ ጥጉ ጋ ባዶ ወንበር አለ። እኔ እንደሆንኩ ምንም አላየሁም፤ ዓይኔ መንገድ ላይ ነው» አለ።

እናቷን ጥጉ ጋ አስቀምጣ ጎንበስ አለችና በጆሮዋ «እማ፣ ዛሬ ሥራ ቦታዬ ነሽ። ሰው ፊት ልጄ እንዳትዪኝ፣ እሺ?» አለቻት።

«ታዲያ ምን ልበልሽ?»

«ምንም አትበዪኝ።»

«እሺ» አለች እናቷ። ያለ ክርክር እሺ ማለቷ ነው ልጅቱን የባሰ አንጀቷን የበላት። ሆድ ይፍጀው ብላ ማይክራፎኑን አነሳችና ለእንግዶቿ እንደምን አደራችሁ አለች።

የመጀመሪያው ማረፊያ ፏፏቴው ነበር። ውሃው ከላይ እየተወረወረ፣ ጭሱ ፊት እያረጠበ፣ ሰው ሁሉ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ሲያነሳ፣ እሷ አንድ ዓይኗ ውሃው ላይ አንድ ዓይኗ እናቷ ላይ ሆኖ ስለ ቁመቱ፣ ስለ ጥልቀቱ፣ በክረምት ስለሚሰማው ድምፁ ትናገራለች። ስንት ሜትር እንዳለች ራሷም አታውቅም። እናቷ ቀስ እያለች ከሰው መሀል ወጥታ እስከ አጥሩ ጫፍ ሄደች። አጥሩ ከወገብ አይበልጥም። እጆቿን ብረቱ ላይ አሳርፋ ወደ ታች ጎንበስ ስትል ልጅቱ ጨነቃት፤ ሮጣ እንዳትይዛት ሰው ያያል፣ እንዳትተዋት ገደል ነው።

ደግነቱ አጠገቧ አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ነበሩ። ማስታወሻ ደብተር ይዘው የተባለውን ሁሉ የሚጽፉ፣ አንድ ነገር ሲነገራቸው ሦስት የሚጠይቁ ሰው ናቸው። ደብተራቸውን ብብታቸው ውስጥ ከተው የእናትየዋን ክንድ ያዙ።

«እናቴ፣ እዚህ ጋ ያዳልጣል።»

«እኔ ምን ያዳልጠኛል? አንተ ራስህን ያዝ» አለች እናቷ፤ የቆሙት ሳቁ። መምህሩም ሳቁና «ለመሆኑ ከማን ጋር ነው የመጡት?» ብለው ጠየቋት።

እናቷ ዞራ ልጇን አየቻት።

«ከዚያችኛዋ ጋር» አለች እናቷ በጣቷ እየጠቆመች። «ታሪክ ታውቃለች።»

«ሁላችንም ከእሷ ጋር ነን!» አለ አንዱ፤ እንደገና ሳቁ። አስጎብኚዋም አብራ ሳቀች፤ ብብቷ ግን በላብ ርሶ ነበር። አውቶብሱ ሲሞላ ራስጌዎቹን መታ መታ እያደረገች ቆጠረችና ኋላ ስትደርስ በልቧ «ሃያ ሁለት፣ እና እማ» አለች። «ሞላ!»

ምሳ የበሉት ሸለቆውን ቁልቁል የሚያሳይ ምግብ ቤት ነው። እዚያ ደግሞ ሌላ ጣጣ። እንግዶቿን አስቀምጣ፣ ማን ምን እንዳዘዘ ለአስተናጋጁ አስረድታ ቀና ስትል የእናቷ ወንበር ባዶ ነው። መጸዳጃ ቤት ሄደች፣ የለችም። በረንዳው ላይ የለችም። ከበረንዳው ወዲያ ቁልቁለት ነው። መንገዱ ዳር ወጥታ ግራ ቀኝ አየች፤ አንድ የጭነት መኪና ብቻ እያቃሰተ ዳገቱን ይወጣል። ማንንም መጠየቅ አትችልም፤ ምን ብላ? አሥር ደቂቃ ስትራወጥ ቆይታ በጓሮ በር ወጥ ቤቱ ውስጥ ብትገባ፣ እናቷ ሹራቧን እስከ ክንዷ ሰብስባ ሳህን ታጥባለች።

«ሠራተኛ መስላን ነበር» አለች ወጥ ሠሪዋ እየሳቀች። «ደግሞ እንዴት ታጸዳለች መሰለሽ!»

አስጎብኚዋ አልሳቀችም። እናቷን በጓሮ በር አውጥታ ክንዷን ጨምቃ ያዘቻት፤ ካሰበችው በላይ ጨምቃ። «ቁጭ በይ አልኩሽ እኮ! ለምንድን ነው የማትሰሚኝ? ምን አድርጌሻለሁ? ገደልሽኝ እኮ እማ፣ ዛሬ ገደልሽኝ!»

እናቷ አረፋ በያዘ እጇ አፏን ሸፈነች። ልጅቱ ወዲያው ቆጫት፤ ነገር ግን ከውስጥ አንዱ «አስጎብኚ!» ብሎ ተጣራና ሳታባብላት ገባች።

ሦስተኛው፣ የመጨረሻው ማረፊያ፣ አሮጌው ምሽግ ነበር። ተራራ ጫፍ ላይ የተካበ የድንጋይ ግንብ ነው፤ በምሥራቅ በኩል በሩ፣ መሀሉ ላይ በሳንቃ የተከደነ ጥልቅ ጉድጓድ፣ በምዕራብ በኩል ከጊዜ ብዛት የተናደ ዝቅተኛ ግድግዳ። ከግድግዳው ወዲያ ወለል ያለ ገደል ነው፤ ከታች መንገዱ እንደ ክር ይታያል። አስጎብኚዋ ከሁሉ ይህን ቦታ ትወዳለች። እዚህ ስትናገር ሰው ማይክራፎን ሳይፈልግ ያዳምጣታል።

እናቷን ከበሩ እንደተገባ፣ የዘበኛው ክፍል ፊት ለፊት ያለ የድንጋይ መቀመጫ ላይ አስቀመጠቻት። «እዚህ ጠብቂኝ። እንዳትነቃነቂ። መጥቼ እወስድሻለሁ» አለቻት፤ ድምፅዋ ከምሳው ወዲህ ገና አልለሰለሰም። እናቷ ራሷን ነቀነቀች።

ከዚያ እንግዶቿን ይዛ ወደ ውስጥ ዘለቀች። እውነቱን ለመናገር፣ ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሁለቱም ዓይኗ ሥራዋ ላይ ሆነ። ስለ ከበባው፣ ውሃ ስላለቀባቸው ወታደሮች፣ በሌሊት በገመድ ስለወረደችው ልብስ አጣቢ ስትተርክ እንግዶቹ አንድም ሳያስነጥሱ ሰሟት። ስትጨርስ አጨበጨቡላት። ጭብጨባው ሳያበቃ ሰማዩ ጠቆረ፣ ጉሙ ከገደሉ ስር ተነስቶ ግንቡን ዋጠው፣ ዝናቡ ወረደ። ዘበኛው «ልዘጋ ነው! ልዘጋ ነው!» እያለ ፊሽካውን ነፋ። ሰው ሁሉ ጃኬቱን ራሱ ላይ ጥሎ እየጮኸ፣ እየሳቀ፣ ኩሬ እየዘለለ ወደ አውቶብሱ ሮጠ። እሷም አንዲት አሮጊት መንገደኛ ደግፋ ሮጠች።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። ውሃ እያንጠባጠበች ራስጌዎቹን መታ መታ እያደረገች ሄደች። አሥር። አሥራ አምስት። ሃያ። ሃያ ሁለት። ዝርዝሩ ላይ ሃያ ሁለት ነው። ምላሷ ዘጠኝ ዓመት የለመደውን «ሞላ!» አለ። በሩ ተዘጋ፤ አውቶብሱ ተነሳ።

ሃያ ደቂቃ ያህል ሄዱ። እንዴት ያለ ሃያ ደቂቃ መሰላችሁ! ማይክራፎኑን ይዛ ቀልድ ታወራለች፣ እንግዶቹ ይስቃሉ፣ መስኮቱ በትንፋሽ ደብዝዟል፣ የረጠበ ልብስ ይሸታል። ትከሻዋ ቀሏታል። እንደቀለላትም ታውቋታል። ለምን እንደቀለላት ግን ራሷን አልጠየቀችም።

ቀልዷን ጨርሳ ሳቁ ጋብ ሲል፣ መምህሩ ከወደ ኋላ እጃቸውን አወጡ።

«ልጄ፣ እኚያ ከኋላዬ የነበሩት እናት አልመጡም እንዴ?»

ክው አለች። ሃያ ሁለት ጥንድ ዓይን እሷ ላይ ነው። በዚያች ቅጽበት መጮህ ነበረባት፣ «አቁም» ማለት ነበረባት። አፏ ግን ቀድሟት ሌላ ነገር አወጣ።

«እሳቸው... እሳቸው እዚያው ነው የወረዱት። እዚያ ዘመድ አላቸው።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። እኔ ደግሞ ልሸፍንላት አልፈልግም፤ ዋሸች። ስለ እናቷ፣ ገደል አፍ ላይ ስለቀረች እናቷ፣ ለእንጀራዋ ብላ ዋሸች። መምህሩ «በዚህ ዝናብ?» አሉና ትንሽ አመንትተው ወደ ደብተራቸው ተመለሱ። አውቶብሱ አንድ ኩርባ ዞረ። የሥራ አስኪያጁ ፊት ታያት፣ የቤት ኪራዩ ታሰባት፣ ማን ይቀጥረኛል የሚል ሐሳብ መጣባት። ሁለተኛውን ኩርባ ዞረ። ምናልባት ዘበኛው አይቷት ክፍሉ አስገብቷት ይሆናል አለች፤ ከደረስኩ በኋላ ታክሲ ይዤ ብመለስስ አለች። ሦስተኛውን ኩርባ ሲዞር ወደ አእምሮዋ የመጣው ያ አረፋ የያዘ እጅ ነው።

«ጋሼ፣ አቁም! አቁምልኝ! እናቴ ቀርታለች!»

ማይክራፎኑ እጇ ላይ ነበር፤ አልዘጋችውም። «እናቴ ቀርታለች» የሚለው ቃል ከኮርኒሱ ድምፅ ማጉያ ሁሉ ወጣ።

ሹፌሩ ዳር ይዞ አቆመ።

«ሞላ አላልሽኝም እንዴ?» አላት ዞሮ። ቁጣ አልነበረውም፤ ግራ ገብቶት ነው የጠየቃት።

«ብያለሁ።»

ሹፌሩ ጥርሱን ነክሶ መሪውን ጨበጠ። «እዚህ ጋ መዞር አይቻልም። ግራውም ቀኙም ገደል ነው። ድልድዩ እስክንደርስ ወደፊት መሄድ አለብን፤ አምስት ኪሎ ሜትር ነው።»

አስቡት እስቲ! እናቷ ከኋላ ናት፣ አውቶብሱ ወደፊት ይሄዳል። አምስት ኪሎ ሜትር ሙሉ ከእናቷ ይበልጥ ራቀች። ጠርዘ ሰፊ ኮፍያ ያደረገች አንዲት ሴት ከመሀል ተነሳችና «እኛስ? እኛም የምንደርስበት አለን እኮ! ለራሷ ስህተት እኛ ምን በወጣን?» አለች።

«እመቤት» አሉ መምህሩ፣ «ሰው ነው ተራራ ላይ የቀረው። ሻንጣ አይደለም።» ከዚያ ወደ አስጎብኚዋ ዞሩ። «ዘመድ አላቸው ያልሽኝስ?»

«ዋሸሁዎት።»

«እሺ። እሱን በኋላ እንነጋገርበታለን» አሉ፤ እንደ መምህር።

የዘበኛው ስልክ ቁጥር ነበራት። ደወለች፤ ኔትወርክ የለም። ደወለች፤ የለም። ድልድዩ ጋ ደርሰው አውቶብሱ እያጓራ ሲዞር እንደገና ደወለች፤ ጠራ።

«እኔ ዘግቼ ወደ ቤቴ እየወረድኩ ነው» አለ ዘበኛው። «መቀመጫው ላይ? ኧረ መቀመጫው ላይ ማንም አልነበረም! ባዶ ነበር ስዘጋ። ዞሬም አይቻለሁ፣ ጉም ሆነብኝ እንጂ... ቆይ፣ ቁልፉን ይዤ እመለሳለሁ። አንቺ ግን ጉድጓዱን እዪ። ሳንቃው በስብሷል።»

የአውቶብሱ ደረጃ ላይ ቁጭ አለች። እስከ ምሽጉ ድረስ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ምን እንደምትል ራሷም አታውቀውም።

ሲደርሱ በሩ ተቆልፏል። ዘበኛው ገና አልመጣም። በሰሜን በኩል ግንቡ የተሰነጠቀበትን ቦታ ታውቃለች፤ ለእንግዶች «በዚህ አትግቡ» እያለች የምታሳየው ቦታ ነው። በዚያው በጎኗ ሾልካ ገባች፤ ሹፌሩ ሸሚዙን ድንጋይ እየቧጠጠበት ተከተላት። መጀመሪያ የሄደችው ወደ ጉድጓዱ ነው። በስልኳ መብራት ሳንቃዎቹን አንድ በአንድ አየች፤ አልተሰበሩም። «ተመስገን» አለች፤ ግን እዚያ ካልወደቀች የት ናት? ጨለማዎቹን ክፍሎች አየች። ማንም የለም። ቀና ስትል ጉሙ ትንሽ ገለጥ አለና በምዕራብ በኩል፣ የተናደው ግድግዳ ላይ፣ አረንጓዴ ሹራብ ታየ።

እናቷ ግድግዳው ላይ ተቀምጣለች። ጀርባዋ ወደ እነሱ፣ እግሮቿ ወደ ገደሉ።

«እ—» ስትል ሹፌሩ አፏን ያዘ።

«እንዳትጠሪያት!» አለ በሹክሹክታ። «ከኋላ ብትጠሪያት ትደነግጣለች። በጎን ሂጂ፣ እንድታይሽ። ቀስ ብለሽ።»

ድንጋዩ ሙልጭልጭ ብሏል። በአራት እግሯ ሄደች ማለት ይቀላል። አሥር እርምጃ ሲቀራት እናቷ ፊቷን መለስ አደረገችና አየቻት። አልደነገጠችም። አስጎብኚዋ ግድግዳው ላይ ወጥታ አጠገቧ ተቀመጠች፤ የእሷም እግር ገደሉ ላይ ተንጠለጠለ። ቁልቁል አላየችም። እጇን ቀስ አድርጋ በእናቷ ወገብ አሳለፈችና ሹራቡን ጨመደደች፤ ሹራቡ ቢጨመቅ ባልዲ ይሞላል።

«ለምን ከመቀመጫው ተነሳሽ እማ?»

«ሰው ሲሮጥ አየሁ። አንቺም ሮጥሽ። በፊቴ ነው ያለፍሽው።» እናቷ ወደ ታች ጠቆመች። «ከዚህ መንገዱ ይታያል። አውቶብሱ መብራቱን አብርቶ በጉሙ መሀል ሲሄድ አየሁት፤ እስኪጠፋ ድረስ አየሁት።»

«ታዲያ ለምን አልተጣራሽም? ለምን አልጮህሽም?»

«ምን ያስጮኸኛል?» አለች እናቷ። ድምፅዋ የተረጋጋ ነበር፤ እንደዚያ ጥርት ያለ ወሬ ካወራች ወራት ሆኗታል። «አስበሽበት መሰለኝ። ደክሞሻል እኮ። ዛሬም ገደልሽኝ ብለሽኛል። አየር ያለበት ቦታ አስቀምጣኝ ሄደች አልኩ። አልፈረድኩብሽም ልጄ። እንዲያውም ጥሩ ቦታ ነው የመረጠችልኝ እያልኩ ነበር።»

አስጎብኚዋ ከዚያ በኋላ ያወጣችውን ድምፅ ሹፌሩ እስከ ዛሬ አይረሳውም። «አይደለም! አይደለም እማዬ! ትቼሽ አይደለም! ቆጠርኩ፣ ሃያ ሁለት ሆነ፣ ሞላ አልኩ፤ በቃ ረሳሁሽ! ረሳሁሽ እንጂ አልተውኩሽም!»

እናቷ ትንሽ አሰበች። ከዚያ ሳቀች፤ የድሮዋን ሳቅ።

«መርሳትማ የኔ ሥራ ነበር። እሱንም ቀማሽኝ?»

ሹፌሩ በዚህ መሀል ከኋላ ደርሶ ሁለቱንም በብብታቸው ይዞ ወደ ውስጥ ጎተታቸው። ሦስቱም ጭቃው ላይ ተዘረገፉ። ዘበኛው ቁልፉን እያንቀጫቀጨ ሲደርስ እናትየዋ «ይሄ ደግሞ ማነው?» እያለች ቀሚሷን ታራግፋለች።

አውቶብሱ ውስጥ ማንም ያጉረመረመ የለም። ባለ ኮፍያዋ ሴት ከሻንጣዋ ደረቅ ሹራብ አውጥታ ለእናትየዋ አለበሰቻትና ወንበሯን ለቀቀችላት። አስጎብኚዋ ሰው ሳይነግርባት ራሷ ለሥራ አስኪያጁ ደወለች። «እናቴን ዝርዝር ውስጥ ሳትኖር ጭኛት ነበር፤ ጥያት ሄጄ ተመልሼ አገኘኋት» አለችው ሳታሳጥር ሳታስረዝም። «ነገ ቢሮ ነዪ» ብሎ ዘጋ። በኋላ እንነጋገርበታለን ያሉት መምህር ግን አልተነጋገሩበትም። ሲወርዱ የእናትየዋን እጅ ይዘው በደረጃው አወረዷትና ደብተራቸውን ብብታቸው ስር አድርገው ሄዱ።

ሥራ አስኪያጁ አላባረራትም። ሁለት ሳምንት አገዳት፣ ማስጠንቀቂያ ጻፈባት፣ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ጮኸባት።

እናቷ በማግስቱ ስትነቃ ሁሉንም ረስታው ነበር። ልጅቱ ስለ ፏፏቴው ጠየቀቻት፤ «የምን ፏፏቴ?» ሳህን ማጠቧን ነገረቻት፤ «ሰው ቤት ሄጄ? አይሞከርም!» ዝናቡን፣ ሹፌሩን፣ ግንቡን፣ አንዱንም አታውቀውም። ልጅቱ፣ እግዜር ይቅር ይበላትና፣ ደስ አላት። እሰይ፣ ጥያት መሄዴንም ረስታዋለች ማለት ነው አለች። ሁለቱን ሳምንት ቤት ውላ ጸጉሯን ስትሠራላት፣ ስታበላት፣ ስታስቃት ከረመች፤ እንደ ካሣ ነገር።

እገዳው ሲያልቅ ጎረቤቲቱ መጣች። አስጎብኚዋ ጫማዋን አሠረች፣ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አደረገች፣ ወደ በሩ ተራመደች። እናቷ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ታያታለች። ያን ሰሞን ልጇን በገዛ እህቷ ስም ነበር የምትጠራት፤ ቀኑንም፣ ዓመቱንም፣ የምትኖርበትንም ቤት አታውቅም።

«ሂጂ ልጄ» አለች። «አልፈርድብሽም።»

አስጎብኚዋ እጇ በር ላይ ቀረ። ተመለሰች፣ ቦርሳዋን ወለሉ ላይ ጣለች፣ ተንበርክካ ሁለቱን እጆቿን ያዘች። «ሥራ ነው የምሄደው እማ። ትቼሽ አይደለም። አሥራ ሁለት ሰዓት እመጣለሁ። ሰማሽኝ? እመጣለሁ።»

«አውቃለሁ» አለች እናቷ እጇን እየደባበሰች፣ ልጅ እንደሚያባብል ሰው። «ደክሞሻል። አልፈርድብሽም።»

በማግስቱም እንደዚያው ሆነ። በሦስተኛውም ቀን። ዛሬም ድረስ ቦርሳ ስታነሳ ባየች ቁጥር እንደዚያው ነው፤ ልጅቱም በየጠዋቱ ተንበርክካ እንደ አዲስ ታስረዳታለች። ጊዜ ስለሚወስድ አሁን ግማሽ ሰዓት ቀድማ ትነሳለች።